ሐኪሙ በመንገድ ላይ ነው

“እኔ ሰው አይደለሁም?” አለች የወርቅውሃ፣ የማሠልጠኛው በር እንዳይዘጋባት ዘንጓን ስንጥቁ ውስጥ ሰክታ። “ሰው አይደለሽም በለኝና ልመለስ።”

በሩን ይዞ የቆመው ወጣት ዮናዳብ ይባላል። ስልክ ላይ የሚሠራ ነገር ለገበሬ እንሠራለን ብለው ከእንጅባራ ከተማ ከመጡት ልጆች ዋናው እሱ ነው። እንደ ቀርከሃ የተመዘዘ፣ አንገቱ ላይ ካርድ ያንጠለጠለ፣ ሲናገር እጁን የሚያርገበግብ ልጅ ነው።

“እማማ፣ እንደሱ አይደለም። የተመረጡ ሰዎች ናቸው የገቡት። በቀበሌው በኩል ነው የተጠሩት። ቦታው ሞልቷል።”

“ደሴ ገብቷል።”

“አዎ፣ አቶ ደሴ ተመርጠዋል።”

“ደሴ ለእንስሳ ሐኪም ምኑ ነው? የራሱ ዶሮ እንኳ የለው! የሚስቱን ዶሮዎች እንቁላል ሸጦ የሚጠጣ ሰውዬ ወንበር ይዞ ተቀምጦ፣ እኔ ፈረስ ያለኝ ሴት ከበር ውጭ ልቁም?”

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ደሴም ሳቀ፤ የለመደው ስድብ ነው። ዮናዳብ ግን አልሳቀም። ሥራውን ከልቡ የያዘ ልጅ ስለሆነ ሊያስረዳት ፈለገ፤ ከዚያ የባሰውም የመጣው ከማስረዳቱ ነው።

“ከየዓይነቱ ሰው ወስደናል፣ እማማ። ወጣቱንም፣ ጎልማሳውንም፣ የተማረውንም። በእርስዎ ዕድሜ ላሉ እናቶች ደግሞ ፋና አሉልን።”

“የትኛዋ ፋና?”

ዮናዳብ በጣቱ ወደ ግድግዳው አሳየ። ትልቅ ወረቀት ላይ አንዲት አሮጊት ተስላለች። ነጠላ ለብሳለች፣ ትስቃለች፣ ከሥሯ ብዙ ጽሕፈት አለ።

“እሳቸው ናቸው። ያልተማሩ፣ ከከተማ ራቅ ብለው የሚኖሩ፣ አንድ ፈረስና ሁለት ላም ያላቸው እናት ናቸው። ስልክ ይፈራሉ። እኛ አንድ ነገር ስንሠራ ‘ፋና ይኸን ይረዱት ይሆን?’ ብለን እንጠይቃለን።”

“የማን ልጅ ናት?”

“የማንም አይደሉም። እኛ ነን የፈጠርናቸው። ብዙ እናቶችን ጠይቀን፣ የሁሉንም ጠባይ አንድ ላይ አድርገን…”

የወርቅውሃ ሥዕሏን አየቻት። ጥርሷ አንድም አልወለቀ። እጇ እንደ ሙሽራ እጅ ለስላሳ ነው። ጭቃ ያልነካት፣ ባል ያልቀበረች፣ ጉልበቷን ያላመማት አሮጊት!

“እንግዲህ አባት የሌላት ሴት ገብታ ግድግዳ ላይ ትስቃለች፤ እኔ አባቴም አያቴም ከዘንገና ሐይቅ በላይ የተቀበሩት፣ ደጅ ፀሐይ ይምታኝ። ይሁን። ዘንጌን ግን አላወጣም።”

ዘንጓንም አላወጣች። ዮናዳብ ተስፋ ቆርጦ ትቷት ገባ። እሷም በተከፈተው ስንጥቅ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውስጥ አንዲት ልጅ ቆማ ለተጠሩት ሰዎች ንግግር ታደርጋለች። ቃሉ ተቆራርጦ እንጂ ሙሉውን አይመጣም፤ በደንብ የተሰማት መጨረሻ ላይ ያጨበጨቡት ነው።

የወርቅውሃ የመጣችው ለወሬ አልነበረም። ዳሚቱ ታማባታለች። ዳሚቱ ዳማ ፈረሷ ናት። ሲነጋጋ ከበረቷ አምልጣ፣ የጎረቤቷ የደርበው የገብስ ክምር ላይ አንገቷን ቀብራ ስትበላ ተገኘች። ተጎትታ ከመጣች በኋላ ግን የሰጧትን ሣር አልቀመሰችም። አንገቷን አዙራ የራሷን ሆድ ታያለች፤ በእግሯ ሆዷን ትመታለች፤ ትወድቅና ትንከባለላለች። ደርበው “ቁርጠት ነው” አለ። “የከብት ሐኪም በስልክ የሚጠሩ ልጆች መጥተዋል” ያላት ደግሞ ውኃ ለመቅዳት የወረደች ሴት ናት። የወርቅውሃ ፈረሷን ለደርበው አስይዛ፣ በዚያ በሚነቃነቅ ጉልበቷ ቁልቁለቱን ወረደች። ፈረሷ ደኅና በሆነች ጊዜ ይህን ቁልቁለት በእግሯ ወርዳው አታውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ያቺ ንግግር ያደረገችው ልጅ ወጣች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ፊቷ ክብ የሆነ ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

“እማማ፣ ይግቡ። እኔ አስገባዎታለሁ። ርብቃ እባላለሁ። የእንጅባራ ልጅ ነኝ።”

“የማን ልጅ?”

“የአቶ ይኸነው። የወፍጮ ቤቱ።”

“አወቅሁት። ጴንጤ የሆነው።”

“አዎ፣ እማማ።” ልጅቱ ሳቀች።

“ይሁን። ወፍጮው አይሰርቅም።”

ርብቃ ክንዷን ይዛ አስገባቻትና ጥግ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጠቻት። ሌሎቹ ተራቸውን ጨርሰው ሻይ ይጠጣሉ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰፊ ስልክ ተቀምጧል።

“ሥራሽ ምንድን ነው አንቺ?”

“ሰው አንድን ዕቃ ሲጠቀም እንዳይቸገር አድርጎ መንደፍ ነው። የተጠቃሚ ተሞክሮ ንድፍ ይባላል። መጀመሪያ ሰውን እንጠይቃለን፣ ችግሩን እናያለን። ከዚያ እንስላለን፣ እንሠራለን፣ እናስሞክራለን። ሰው የተቸገረበትን እናርምና እንደገና እናስሞክራለን።”

“እንደ ኮርቻ ሰፊ ነሻ። ጀርባ ለክተሽ፣ ሰፍተሽ፣ ጭነሽ ታዪያለሽ፤ ከላጠ ትፈቺዋለሽ።”

“እንደሱ ነው!” ርብቃ ደስ አላት። “እንግዲህ እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። የምንፈትነው እርስዎን አይደለም፣ ስልኩን ነው። ቢሳሳቱ ጥፋቱ የእኛ ነው።”

“እኔን የሚፈትነኝ መድኃኔዓለም አለ። እስከ ዛሬ ሰው አላገዘውም።”

“እየነኩ ሳለ ደግሞ በልብዎ የሚመጣውን ሁሉ ጮክ ብለው ይናገሩልኝ። ምንም አይሠውሩ።”

“ይህን ስትመክሪኝ ጎረቤቶቼ በሰሙሽ!”

ደሴ ከሻዩ ላይ ትን አለው። ርብቃ ስልኩን ወደ የወርቅውሃ ገፋ አደረገችው። የፈረስ፣ የላም፣ የበግና የዶሮ ሥዕል አለበት።

“እሺ እማማ። እንበልና አንድ እንስሳዎ ታሞብዎታል…”

“ምን እንበል አለው! ታማለች እንጂ። ዳሚቱ ታማለች። ሆዷን ዞራ ዞራ ታያለች፣ ትንከባለላለች። እህል ከአፏ አልገባም።”

ርብቃ ወደ ዮናዳብ ዞር ብላ በዓይኗ ጠቀሰችው። ከማለዳው ጀምሮ ሰው ሁሉ በጨዋታው ገብቶ ነበር። ደሴ ለሌለው ላም አልቅሷል፤ አንዱ ገበሬ ለበጉ የሆነ ያልሆነ በሽታ ፈጥሮ ሰውን አስቋል። ይህች አሮጊት ደግሞ ከሁሉም በላይ ሆነችባት።

“በጣም ጥሩ ነው፣ እማማ። እንደዚሁ ይቀጥሉ።”

‘ምኑ ነው ጥሩው?’ አለች የወርቅውሃ በሆዷ። ለከተማ ሰው ሁሉ ነገር ጥሩ ነው፣ ደግሞ። አልተናገረችም፤ ልጅቱ ከደጅ አስገብታታለች።

ፈረሱን ነካች። ፈረሱ ሰፋ ብሎ መጣ። “የት ነው የሚያማት?” አለ ከስልኩ ውስጥ የወንድ ድምፅ፣ በአማርኛም በአገውኛም። ሆዱን ነካች። አረንጓዴ ክብ ነገር መጣ፤ እሱንም ነካች።

“መልእክትዎ ደርሶናል” አለ ድምፁ፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ። “ሐኪሙ በመንገድ ላይ ነው። እባክዎ እንስሳውን ብቻውን አይተዉት።”

ከዚያ መንገድ ታየ፣ ጠመዝማዛ መንገድ። በመንገዱ ላይ አንዲት ቀይ ሞተር ብስክሌት ትሄዳለች። ከመንገዱ አጠገብ ክብ ሰማያዊ ውኃ አለ።

“ይኸ ዘንገና አይደለም?”

“ነው፣ እማማ። እንዴት አወቁት!”

“የእኔ ቤት ከሐይቁ በላይ ነው፣ እዚህ፣ ከጽዱ ዛፍ ጋ። እዚህ ድረስ ይመጣል?”

ርብቃ በራሷ ጣት መንገዱን እየተከተለች አሳየቻት። “አዎ። በዚህ አድርጎ፣ እዚህ ድረስ ይመጣል።”

“በቃ?”

“በቃ። ማንም ሳይረዳዎት ከሁሉም ቶሎ ጨረሱ!”

ሰዎቹ አጨበጨቡላት። ዮናዳብም አጨበጨበ። የወርቅውሃ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ግድግዳዋ ሴት ዞረችና “አየሽ?” አለቻት። ከዚያ ዳገቱን ቀጥ ብላ ወጣች፤ ጉልበቷ ያን ጊዜ አላመማትም።

ቤቷ ስትደርስ ደርበው የራሱን ፈረስ ጭኖ፣ እርካቡን እያጠበቀ ነው። ዳሚቱ ጽዱ ሥር ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ ጎኗ በላብ ርሷል።

“እትዬ፣ ልሂድ” አለ ደርበው። “የወረዳው ሐኪም ዛሬ ለክትባት ወደ ጫግኒ በኩል ይወርዳሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ሳይወጡ ልድረስባቸው።”

“ፍታው ኮርቻውን። ጠርቼዋለሁ።”

“በማን?”

“በጣቴ።”

ደርበው አያት። አርባ ዓመት የተሻገረ፣ በነገር የማይቸኩል ሰው ነው። “እትዬ፣ እሱ ስልክ… እርግጠኛ ነዎት? እኔ ብሄድ ምን ይጎዳል?”

“አንተም ትጠራጠረኛለህ? ያ ቀርከሃ ልጅ ደጅ አቆመኝ፣ አሁን ደግሞ አንተ ነህ? ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሞተሯ ስትመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ሐኪም ጠርቼ ላጣላቸው ነው? ሂድ፣ ድንችህን ቆፍር።”

ደርበው ኮርቻውን ፈታ። ሲፈታው ቀስ እያለ ነበር፣ ምናልባት ሐሳቧን ትለውጥ ይሆን ብሎ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታው የዳሚቱን ገመድ ያዘች።

ቁርጠት የያዘው ፈረስ አይተኛም። ከተኛ ይንከባለላል፤ ከተንከባለለ አንጀቱ ይጠማዘዛል፤ ይህን በአዊ ምድር የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ታዞራታለች። ከጽዱ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ጽዱ። ዳሚቱ ጉልበቷ ሲከዳት ትጎትታታለች፤ የራሷ ጉልበት ሲከዳት በዳሚቱ አንገት ትደገፋለች። ማን ማንን እንደሚያዞር አይታወቅም።

“ነይ፣ የኔ እመቤት። ነይ፣ ሆዳም። ገብስ ስትሰርቂ እንዲህ አልደከመሽም።”

ከታች ከአስፋልቱ የሞተር ብስክሌት ድምፅ በመጣ ቁጥር ትቆማለች። ድምፁ ይቀርባል፣ ይጎላል፣ ከዚያ ወደ ዳንግላ ያልፋል። ሌላ ይመጣል። እሱም ያልፋል። ‘ሐኪም ነው፣ ብዙ ቤት ይኖረዋል’ ትላለች።

ረፋዱ ካለፈ በኋላ ልጇ ምንይችል ከጫግኒ ደወለ። እህል ነጋዴ ነው። ማን እንደነገረው አልጠየቀችውም፤ ሰው ለክፉ ወሬ ኔትወርክ አያጣም።

“እማ፣ ፈረሷ ታማለች አሉ።”

“ትድናለች። ሐኪም እየመጣ ነው።”

“እንግዲህ ካልዳነች ሰበብ የለሽም። መኪና እልካለሁ፣ ወደኛ ትመጫለሽ። ሕይወት ክፍልሽን አዘጋጅታለች።”

“ሚስትህ መቃብሬንም ታዘጋጅ ነበር፣ ቢፈቀድላት።”

“እማ! ለምን እንዲህ ትያለሽ? አንቺ ብቻሽን እዚያ ዳገት ላይ፣ ያለ ፈረስ፣ እንዴት ትኖሪያለሽ? ቤተ ክርስቲያን አትደርሺ፣ ገበያ አትወርጂ…”

ስልኩን ዘጋችበት። ያስቆጣት እውነት መናገሩ ነው። ዳሚቱ እግሯ ናት። በእሑድ ወደ መድኃኔዓለም የምትወስዳት፣ ቅዳሜ ድንቿን ጭና እንጅባራ የምታወርዳት፣ በክረምት ጭቃው ሰው ሲውጥ በላዩ የምታሻግራት ዳሚቱ ናት። የዳሚቱን እናት የወርቅውሃ ባል ጉግስ ይጋልባት ነበር፤ እሱ ሲቀበርም ፈረሷ ጌጧን ሁሉ ለብሳ ከሬሳው ፊት ፊት ሄዳለች። ዳሚቱ ከሌለች የወርቅውሃ ከጽዱ ማዶ የትም አትደርስም። የሚቀራት ጫግኒ ነው፤ ቆላ፣ ወበቅ፣ የምራት ቤት፣ ‘እማማ ይቀመጡ፣ አይንኩት’ የሚባልበት ቤት።

ገመዱን ሳብ አደረገች። “ነይ። በመንገድ ላይ ነው።”

ከሰዓት በኋላ ርብቃ መጣች። ባጃጁ ከአስፋልቱ አውርዷት፣ በእግር መንገዱ እያለከለከች ወጣች። በእጇ ስኳር ይዛለች። ከሙከራው በኋላ ሰውየው የሚኖርበትን ቤት፣ የሚውልበትን ደጅ ማየት የሥራዋ ልማድ ነው፤ ደግሞም አሮጊቷን ወዳታለች።

“እማማ! ለማመስገን ነው የመጣሁት። ቤትዎንም ለማየት…”

“ሐኪሙስ?”

“የትኛው ሐኪም?”

የወርቅውሃ ገመዱን እንደያዘች ዞረች። ፊቷ ላይ አቧራና ላብ ጭቃ ሠርተዋል። “ሐኪሙ ነዋ። ጠዋት የጠራሁት። ከአንቺ በፊት ነው የተነሣው።”

ርብቃ ፈረሷን አየች። የራሰውን ጎኗን፣ የተነፋውን ሆዷን፣ የሚንቀጠቀጠውን እግሯን አየች። የያዘችው ስኳር ከእጇ ወረደ።

“እማማ… እውነት ታማ ነበር?”

“ታዲያ በውሸት ይታመማል እንዴ?”

“እኔ… እኔ ለሙከራው ያሉት መስሎኝ ነው። ስልኩ ገና አልተሠራም፣ እማማ። ናሙና ነው። ሰው ሥዕሉን ይረዳው እንደሆነ ለማየት ብቻ… ከማንም ጋር አይገናኝም። ጠዋት ለሁሉም ተናግሬ ነበር፣ ‘ይህ ለሙከራ ነው፣ ሐኪም አይመጣም’ ብዬ መጀመሪያ ላይ…”

 ያን ስትናገር የወርቅውሃ የት እንደነበረች ርብቃ አስታወሰች።

“እኔ ደጅ ነበርኩ” አለች የወርቅውሃ።

“አዎ።”

“ያ ሰውዬስ? መልእክትሽ ደርሶናል ያለው?”

“ዮናዳብ ነው። ድምፁን ቀድተነው ነው።”

“ሞተሯስ? ሄዳለች እኮ! አይቻታለሁ!”

“ሥዕል ናት፣ እማማ። የምትንቀሳቀስ ሥዕል። እኔ ነኝ የሳልኳት።”

የወርቅውሃ ገመዱን በእጇ ላይ ጠመጠመችው። ከታች አስፋልቱ ላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። በዚያን ጊዜ እንኳ፣ ሁሉን ሰምታ፣ አንገቷ ሳታዘው ወደዚያ ዞረ። ሞተሩ ወደ ዳንግላ አለፈ።

ርብቃ ስልኳን አውጥታ መደወል ጀመረች። የወረዳውን ሐኪም ቁጥር ከአንድ ሰው፣ ከሌላ ሰው ፈልጋ አገኘች። ስልኩን ጮክ አደረገችው። አንዲት ሴት በጨዋ ድምፅ፣ የተደወለላቸውን ሰው ለጊዜው ማግኘት እንደማይቻል ተናገረች።

“ይቺስ? ይቺ ሰው ናት?”

“እሷም የተቀዳች ናት፣ እማማ።”

“ሁላችሁም የተቀዳችሁ ናችሁ።”

ርብቃ ለዮናዳብ ደወለች። ስልኩ አሁንም ጮክ እንዳለ ነው። “ዮኒ፣ እማማ የወርቅውሃ እውነተኛ መስሏቸው ነበር። ሐኪሙን ሲጠብቁ ዋሉ።”

“እውነት? እስከዚህ አመኑት?” ድምፁ ደስታ አለው። “እንግዲያ ጥሩ ሠርተናል ማለት ነዋ!”

“ዮኒ፣ ፈረሷ እየሞተች ነው።”

 ያ ረጋ ያለ፣ እንደ ሽማግሌ የሆነ ድምፅ አሁን የልጅ ድምፅ ሆኖ መጣ። “እሺ… እሺ፣ የእንስሳት ክሊኒኩ እሄዳለሁ። አሁኑኑ እሄዳለሁ። ንገሪያቸው፣ እየሄድኩ ነው።”

ሄደ፤ አልዋሸም። መልሶ ሲደውል ግን ክሊኒኩ ዝግ ነው አለ፤ ሐኪሙም ረዳቱም ለክትባት ወጥተዋል፣ የወጡበት ቀበሌ ኔትወርክ የለውም፣ መቼ እንደሚመለሱ ዘበኛው አያውቅም። መድኃኒት ቤት እጠይቃለሁ አለ። መድኃኒት ቤቱም ‘እኔ የሰው ነኝ’ አለው። ሌላ ሰው እጠይቃለሁ አለ።

ደርበው የተልባ ውኃ በጠርሙስ ይዞ መጣ። እሱና ርብቃ የዳሚቱን አንገት ቀና አድርገው ይዘው፣ የወርቅውሃ በከንፈሯ ጥግ አፈሰሰችላት። ግማሹ ወረደ፣ ግማሹ በርብቃ ልብስ ላይ ፈሰሰ። ዳሚቱ አልታገለችም። አለመታገሏን ደርበው አልወደደውም። ከንፈሯን ገልጦ ድዷን አየ። ጠቁሯል። ከንፈሯን መልሶ ከደነው።

“ጠዋት ብሄድ…” አለና ተወው።

“ጨርሰው።”

“ምንም አይደል፣ እትዬ።”

“ጨርሰው እንጂ! ‘ጠዋት ብሄድ ኖሮ እደርስበት ነበር፣ አንቺ ትዕቢተኛ’ በል!”

“እግዜር ነው የሚያውቀው” አለ ደርበው፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ደርበው ግን ጠርሙሱን ይዞ ተልባ ሊጨምር ሄደ። የሚጨመረው ተልባ እንደማይረባ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ደርበው ግን ሳይሠራ መቆም አይችልም።

የወርቅውሃ ገመዱን አንሥታ እንደገና ማዞር ጀመረች። ርብቃ ከጎኗ ትሄዳለች፣ አንድ እጇን በዳሚቱ ትከሻ ላይ አድርጋ። መንከባለሉ ቀርቷል። ሆዷን ማየቱም ቀርቷል። ዳሚቱ አሁን የምትፈልገው መተኛት ብቻ ነው። በየደረሱበት የፊት ጉልበቷን ታጥፋለች፤ የወርቅውሃ ትጮኽባታለች፣ ገመዱን ትስባለች፣ በዘንጓ ጭኗን ትነካካለች። ዳሚቱ ትነሣለች። ስትነሣ የምታወጣው ድምፅ የሰው ድምፅ ይመስላል።

“ትንሽ ትረፍ፣ እማማ?” አለች ርብቃ።

“አትተኛም! ሐኪም የሚመጣላት ፈረስ አትተኛም።”

“ዮኒ እየሞከረ ነው። ምናልባት ከዳንግላ አንድ ሰው… ምናልባት ሐኪሙ ማምሻውን ኔትወርክ ሲያገኙ…”

“ምናልባት።”

“ሥዕሉንም አስተካክለዋለሁ፣ እማማ። ‘ይህ ሙከራ ነው’ የሚል ድምፅ ከመጀመሪያው አስገባበታለሁ። እምልልዎታለሁ።”

 ልጅቱ ክፉ እንዳልሆነች የወርቅውሃ ታያለች። ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል፣ ልብሷ በተልባ ተለውሷል፣ እያለቀሰች ነው፤ ለቅሶዋ ግን ለዳሚቱ ሆድ ምኑም አይደለም። ዮናዳብም ክፉ አይደለም። ደርበውም አይደለም። ክፉ ሰው ቢኖር ሰድባው ይወጣላት ነበር። እነዚህ ሁሉ ደጎች ናቸው፤ ደጎች ሆነው ‘ምናልባት’ እያሉ ፈረሷ በከዳት ጉልበቷ እንድትቆም ያደርጋሉ።

የርብቃ ስልክ ጮኸ። የወርቅውሃ ቆመች። ዳሚቱም ቆመች። ርብቃ አዳመጠች፣ “እሺ” አለች፣ “እሺ፣ ዮኒ” አለች። ከዚያ ስልኩን አውርዳ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

“አንድ ሰው ቁጥር ሊሰጠው ነው፣ እማማ። እንጠብቅ እንጂ፤ ተስፋ…”

ዳሚቱ የፊት ጉልበቷን አጠፈች። የወርቅውሃ ገመዱን ልትስብ እጇን አነሣች፤ አልሳበችውም። ፈረሷ አንገቷን አዙራ አየቻት። ጠዋት ሆዷን ታይ በነበረው ዓይን ነው ያየቻት።

“ርብቃ።”

“አቤት፣ እማማ።”

“ነይ ፊቴ ቁሚ። ስልኩን ኪስሽ ክተቺ። ይህችን ፈረስ ቀኑን ሙሉ ያሠቃየኋት ይመጣል ስላላችሁኝ ነው። አንዱ በመንገድ ላይ ነው አለኝ። አንቺ በጣትሽ ቤቴ ድረስ አመጣሽልኝ። ዮናዳብ እየሄድኩ ነው አለ። እናንተ እንዲህ ስትሉኝ እኔ ልፈታት አልችልም፤ ብፈታት የገደልኳት እኔ እሆናለሁ።”

“እማማ፣ እኔ እኮ…”

“ምናልባት አትበዪኝ። ተስፋ አትበዪኝ። ይቅርታም አልፈልግ፣ ለሌላ ቀን አስቀምጪው። ዓይኔን እያየሽ፣ በገዛ አፍሽ፣ ‘ማንም አይመጣም’ በዪኝ። በዪኝና ገመዱን ልልቀቅላት፣ ትተኛ።”